ወገቤን ነው ወይስ እግሬን?

ከቁም ሳጥናችን ጀርባ አንድ ትልቅ ፖስታ አለ። ውስጡ የወገቤ ፎቶ ነው። ድሮ እንግዳ በመጣ ቁጥር እማዬ «እስቲ አምጣና አሳያቸው» ትለኝ ነበር፣ እንደ ሰርግ አልበም። ሰፈራችን ውስጥ የኔን አከርካሪ ያላየ ጎረቤት ያለ አይመስለኝም።

16 ዓመት የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነበርኩ። ተሳቢ ነው የምነዳው። ከአዳማ አዋሽ፣ ገዋኔ፣ ሚሌ፣ ጋላፊ፣ ከዚያ ወደብ። ከጋላፊ ወደ ዲኪል ያለውን ጎርባጣ በዚያ ዘመን ያለፈ ሰው ስለ ወገብ ህመም ማብራሪያ አይፈልግም። ባሌስትራው ያልዋጠውን፣ አሞርዛተሩ ያልያዘውን ንዝረት በመጨረሻ የሚቀበለው የሹፌሩ ወገብ ነው።

ህመሙ የጀመረው ግን ስነዳ አይደለም። ሰኔ 2014 ሚሌን አለፍ እንዳልን ጎማ ፈነዳብን። ረዳቴ ጎበዝ ልጅ ነው፣ የዚያን ቀን ግን ትኩሳት ይዞት ተኝቷል። ጎማውን ብቻዬን አነሳሁ። «ቀጭ ሲል ሰማሁ» የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ ምንም አልሰማሁም። ጅቡቲ ደርሼ ከጋቢና ስወርድ ነው ግራ እግሬ የሌላ ሰው እግር የሆነብኝ።

ከቂጤ ይነሳና በጭኔ ጀርባ አድርጎ፣ ባቴን ሰንጥቆ፣ ትንሿ የእግር ጣቴ ድረስ ይወርዳል። ኤሌክትሪክ እንደነካው ሰው ነው የምሆነው። ሳስነጥስ እጮኻለሁ። ፍሪሲዮን ለመርገጥ ግራ እግሬን በእጄ የማግዝበት ቀን ነበር። በዚያ ሁኔታ ተሳቢ መንዳቴን አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

እና ለሰው ስናገር ምን እላለሁ? «ወገቤን!» በቃ። ለባለቤቴም «ወገቤን»፣ ለአለቃዬም «ወገቤን»፣ ክሊኒክ ስገባም «ወገቤን»። ካርዴ ላይም የተጻፈው «የወገብ ህመም» ነው። ይህቺ ቃል ስንት ነገር እንደደበቀችብኝ የገባኝ ከዓመት በኋላ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ወራት በአጭሩ ልለፋቸው። የዳይክሎፌናክ ማስታገሻ መርፌ፣ ከዚያ ኪኒኑ፣ ከዚያ ኪኒኑ ላቃጠለው ጨጓራዬ ኦሜፕራዞል። ሶደሬ ሄጄ ፍልውሃ ተዘፈዘፍኩ። ደስ ይላል፣ እስክትወጣ ድረስ። አንድ ወጌሻ ደግሞ «ዲስክህ ወጥቷል፣ እመልሰዋለሁ» ብሎ ጀርባዬ ላይ ቆመ። (ዲስክ በአከርካሪ አጥንቶች መሃል ያለው ትራስ ነው።) እባካችሁ ማንም ሰው ጀርባችሁ ላይ እንዲቆም አትፍቀዱ። ሳምንት ሙሉ አልጋ ላይ ነው ያሳለፍኩት።

ጥር 2015 አዲስ አበባ ሄጄ ኤምአርአይ ተነሳሁ። ወንድሜ እየነዳ፣ እኔ በፈጣን መንገዱ ላይ የኋላ ወንበር ላይ ተጋድሜ፣ ጣሪያውን እያየሁ። ውጤቱ ሁለት ነገር ይላል። ኤል 5 ኤስ 1 በሚባለው፣ በወገቤ ታችኛው ጫፍ ባለው መገጣጠሚያ ላይ ዲስኩ ወጥቶ ነርቭ ተጭኗል። ከሱ በላይ ኤል 4 ኤል 5 ላይ ደግሞ ዲስኩ አበጥ ብሏል።

ያየኝ ሐኪም ፎቶውን ወደ መብራት አነሳ። 3 ደቂቃ ቢሆን ነው። «ይሄ ቀዶ ጥገና ነው። ሁለቱንም ቦታ በብሎን እናስረዋለን» አለኝ። እግሬን አልነካም። ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም። ዋጋው 280 ሺህ ብር። ቀን ተቆረጠልኝ።

ቤት ስመለስ ጦርነት ተነሳ። እማዬ «ወገቡን የተነካ ሰው ሲነሳ አላየሁም። ሽባ ሊያደርጉህ ነው ልጄ» አለች። ጠበል በጀሪካን አስመጣች። ካልሆነም ባንኮክ ይሁን አለች፣ ባንኮክ አዋሽ አጠገብ ያለች ይመስል። ባለቤቴ ደግሞ ቀዶ ጥገናውን ትደግፋለች። «ይህን ኪኒን ሁለት ዓመት ከዋጥክ ወገብህን ትተን ኩላሊትህን ነው የምናስታምመው» ትላለች። እውነቷን ነው። ሁለቱም እኔን ስለሚወዱ ነው የሚጣሉት። እኔ መሃል ላይ ነኝ፣ በጎኔ ተኝቼ።

እድር ላይማ ሁሉም ስፔሻሊስት ነው። ግራ ያጋቡኝ ግን ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ የሥራ ባልደረባዬ፣ የታንከር ሹፌር ነው። ትንሽ ቀደዱትና የወጣውን ቁራጭ አነሱለት። «ስነቃ እግሬ ዝም ብሏል» አለኝ። በ3 ወሩ መሪ ጨበጠ። ሌላዋ ጎረቤታችን አስተማሪ ናት። ብሎን ገብቶላታል። ፎቶው ላይ ብሎኑ ቀጥ ብሎ ይታያል፣ ሥራው ያምራል። እሷ ግን ዛሬም ጥቁር ሰሌዳ ፊት ከግማሽ ሰዓት በላይ አትቆምም። ሁለቱም «ወገባቸውን» ነው የታከሙት። ታዲያ እንዴት አንዱ ዳነ፣ አንዷ ቀረች?

የገላገለኝ ዕቁብ ነው። ዕጣዬ የሚወጣው ሚያዝያ መጨረሻ ስለሆነ ቀጠሮውን አስገፋሁ። ከድህነት እንጂ ከብልህነት አይደለም የጠበቅኩት። በዚያ መሃል አዳማ ውስጥ ፊዚዮቴራፒ ጀመርኩ። ልጅቷ ትንሽ ናት፣ ቁጣዋ ግን የትራፊክ ፖሊስ ነው። በሆዴ አስተኝታ በክርኔ ተደግፌ ደረቴን ቀና እንዳደርግ አዘዘችኝ። በቀን ስድስት ሰባት ጊዜ። ከዚያ መራመድ። መጀመሪያ እስከ ሱቁ፣ ከዚያ እስከ አደባባዩ።

በአምስተኛው ሳምንት አካባቢ ወገቤ ባሰበት። ተናድጄ ሄድኩ። «እግርህስ?» አለችኝ። አሰብኩ። ከባቴ በታች ህመሙ የለም! «እግርህን ለቆ ወደ ወገብህ ከተሰበሰበ ደስ ይበልህ፣ ጥሩ ምልክት ነው» አለች። ወገቡን ባሰበትና ደስ ይበለው የተባለ ሰው ከኔ በፊት መኖሩን እንጃ።

ገንዘቡ እጄ ሲገባ ሁለተኛ ሐኪም ጋ ሄድኩ። ወጣት የነርቭ ቀዶ ሐኪም ነው፣ እዚሁ ሀገር የሠለጠነ። (ለእማዬ የነገርኳት ይህንን ነው። የነርቭ ቀዶ ሕክምና ስፔሻላይዜሽን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፣ ከኖርዌይዋ በርገን ጋር በመተባበር። ባንኮክ ግዴታ አይደለም።) ፖስታውን ዘረጋሁለት። ጠረጴዛው ዳር አስቀመጠውና መጀመሪያ እኔን አየኝ።

«ጋሼ፣ ቢመዝኑት የትኛው ይበልጣል? ወገብዎን ነው ወይስ እግርዎን?»

በዚህ ሁሉ ጊዜ ይህን የጠየቀኝ ሐኪም አልነበረም። ሊመለስ የሚችል ጥያቄ መሆኑንም አላውቅም ነበር። «በፊት እግሬን ነበር። አሁን ወገቤን» አልኩ።

ጫማ አስወለቀኝ። በጣቶቼ አስቆመኝ፣ በተረከዜ አስኬደኝ፣ ተጋድሜ እግሬን ቀጥ አድርጎ አነሳ፣ ቁርጭምጭሚቴን በመዶሻ መታ መታ አደረገ። ጉልበቴ አለ። የግራ ቁርጭምጭሚቴ ብቻ ለመዶሻው አልመለሰም። ከዚያ በኋላ ነው ፎቶውን ያነሳው።

በኔ ቋንቋ ልንገራችሁ። ዲስክ ጎማ ነው። ውጭው ኮፐርቶን፣ ውስጡ ከመነዳሪ። ኮፐርቶኑ ሲሰነጠቅ ከመነዳሪው በቀዳዳው ብቅ ይላል። ብቅ ያለበት ቦታ ላይ ነርቭ ካለ ተጫነው ማለት ነው። የእግሩ ኤሌክትሪክ ከዚያ ነው። የታንከር ሹፌሩ ጓደኛዬ ያስነሳው ብቅ ያለውን ነው፣ እግሩም ዝም አለ። ጎማ ላይ የሌለ አንድ ነገር ግን አለ። ሰውነት ብቅ ያለውን ቁራጭ በወራት ውስጥ ራሱ ሊበላው ይችላል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ትልቅ ሆኖ የወጣው ነው ቶሎ የሚበላው። እንዲህ የሚያደርግ ጎማ ቢኖር ኖሮ ስንቱ ጎሚስታ ሥራ ይፈታ ነበር።

ያረጀው ኮፐርቶን ራሱ የሚያመጣው ድፍን ያለ የወገብ ህመም ግን ሌላ ነው። እሱን ቢላዋ እንደ እግሩ አያጠፋውም። የአስተማሪዋ ጉዳይ ያኔ ገባኝ። እሷን እግሯን አሟት አያውቅም።

«ኤል 4 ኤል 5ስ? እሱም ይታሰር ተብያለሁ» አልኩት። እ.ኤ.አ. በ1994 አሜሪካ ውስጥ የተሠራ አንድ ጥናት ነገረኝ። ወገባቸውን የማያማቸው 98 ሰዎች ኤምአርአይ ተነሱ። ከመቶ 52ቱ ቢያንስ አንድ ያበጠ ዲስክ ነበራቸው። ምንም ሳያማቸው! «እድሜዎ ነው ፎቶው ላይ የሚታየው» አለኝ። ኤል 5 ኤስ 1 ላይ ያለው ግን የምር ነው፣ ከእግሬ ህመምም ከዝምተኛው ቁርጭምጭሚቴም ጋር ይገጥማል።

አንድ ሌላም ጨመረልኝ። ሆላንድ ውስጥ ከባድ የእግር ህመም የያዛቸውን 283 ሰዎች ሁለት ቦታ ከፈሏቸው። ገሚሱ ቶሎ ቀዶ ጥገና፣ ገሚሱ ጠብቅ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ወጣ። የተቀደዱት ቶሎ ዳኑ፣ በሳምንታት። ዓመት ሲሞላ ግን ከሁለቱም ወገን ከመቶ 95ቱ ደህና ነን አሉ። ይህን ስሰማ «በቃ፣ ቀዶ ጥገና ውሸት ነው» ልል ነበር። ቀደመኝ። ጠብቁ ከተባሉት ከመቶ 39ኙ ህመሙን አልቻሉትም፣ ዓመቱ ሳያልቅ ተቀደዱ። ስለዚህ ቀዶ ጥገናው የሚሸጠው በዋናነት ጊዜ ነው። በዚያ ጥር፣ ሳስነጥስ እየጮኽኩ፣ ያን ጊዜ በ280 ሺህ እገዛው ነበር። ያኔ ቢሆን ትክክል ነበርኩ ብዬ አምናለሁ፣ ያለ ብሎኑ። በሚያዝያ ግን የምገዛው ጊዜ አልነበረኝም። እግሬ ለቆኛል።

አልገባሁም።

ባለቤቴ አልተደሰተችም። «ቢመለስስ?» አለች። ቢመለስ እገባለሁ አልኳት። ሐኪሙ የነገረኝን በወረቀት አስጻፈችኝና ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈችው። ሽንት ከከለከለኝ ወይም ካመለጠኝ፣ ብልቴና መቀመጫዬ አካባቢ ከደነዘዘ፣ ሁለቱም እግሬ ከከዳኝ፣ የእግሬ መዳፍ መጎተት ከጀመረ ጠዋት ድረስ አይጠበቅም፣ በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ነው። ልጄ ጓደኞቿ ሲመጡ ወረቀቱን በማግኔት ትሸፍነዋለች። ታፍርበታለች። እኔ ደግሞ ማታ ማታ ውሃ ልጠጣ ስነሳ አነበዋለሁ።

አሁን ተሳቢ አልነዳም። አዳማ ውስጥ ስምሪት ክፍል እሠራለሁ፣ መኪና ለሹፌር እመድባለሁ። ጠዋት ጠዋት ወገቤ እንደ ዛገ በር ነው፣ እስኪሞቅ ሩብ ሰዓት ይፈልጋል። ባለፈው መስከረም እግሬ ድረስ ወረደና ሁለት ሳምንት አስጨነቀኝ። የሐኪሙን ስልክ አውጥቼ ይዤው ነበር። ተመልሶ ተሰበሰበ። እማዬ ጠበሉ ነው ትላለች። የዕቁቡ ገንዘብ ግማሹ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ግማሹ ዕዳ ሆነ።

እሁድ ዕለት ግቢው ውስጥ የቆመ ተሳቢ ነበር። ጠባቂውን ቁልፍ ለምኜ ጋቢና ወጣሁ። ሞተር አላስነሳሁም። ፍሪሲዮኑን ብቻ ረገጥኩ፣ ለቀቅኩ፣ ረገጥኩ፣ ለቀቅኩ። 40 ድረስ ቆጠርኩ። እግሬ በእጄ አልታገዘም። ጠባቂው ከታች ሆኖ «ጋሼ፣ ምን ጠፋብህ?» አለኝ። ጫማዬን አውልቄ ትንሿን ጣቴን ቆነጠጥኳት። አሁንም ደንዝዛለች።