ሎንግ ኬዝ፦ ኳል ለምትፈተኑ

ኢንተርን ለመሆን ኳል የሚባለውን የማለፊያ ፈተና የምትጠብቁ የሕክምና ተማሪዎች፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ለእኔ ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

የጽሑፍ ፈተናው ብዙ አያስጨንቅም። የድሮ ጥያቄዎችን ሰብስባችሁ ከጓደኛ ጋር እየተጠያየቃችሁ ሥሩ። ኦስኪም፣ ማለትም ከጣቢያ ጣቢያ እየተዘዋወራችሁ የምትፈተኑት የተግባር ፈተና፣ ልምምድ ነው፤ ከተለማመዳችሁ እጃችሁ ራሱ ይሠራል።

ጉዱ ያለው ሎንግ ኬዝ ላይ ነው፤ አንድ ታካሚ ጠይቃችሁና መርምራችሁ ለፈታኞች የምታቀርቡበት ፈተና ላይ።

ጠዋት 2 ሰዓት ተገኙ ተባልን። ስልካችንን ሰበሰቡ። እኔ የተጠራሁት ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ ኮሪደር ላይ ቁጭ። ተራ አይታወቅም፣ ወጥቶ መብላት አይፈቀድም። ስንጠይቅ መልሱ "ጠብቁ" ብቻ ነው። ፈታኞቹ ግን ምሳቸውን በልተው ተመለሱ። እስካሁን ያንገበግበኛል። የተማሪን ተራ በአንድ ወረቀት ጽፎ በር ላይ መለጠፍ ምን ያቅታል?

የደረሱኝ ታካሚ አፋን ኦሮሞ ብቻ የሚናገሩ እናት ነበሩ። እኔ ደግሞ ከሌላ ክልል ተመድቤ የመጣሁ ነኝ፣ ቋንቋውን አልችልም። አስተርጓሚ ስጠይቅ አስተባባሪው "ሰዓትሽ እየሄደ ነው" ብሎኝ ሄደ።

አስታማሚያቸው ትንሽ ልጃቸው ነበር። አማርኛ በመጠኑ ይሞክራል። ሲተኙ ያፍናቸዋል ወይ ስለው ሁለት ጣቱን አነሳ፣ እንዳያፍናቸው ሁለት ትራስ ተደግፈው ይተኛሉ ማለቱ ነው። ግን በልጅነታቸው ጉሮሯቸውንና መገጣጠሚያቸውን ታመው ያውቁ እንደሆነ እሱ ከየት ያውቃል? ስለ ወር አበባና ስለ እርግዝናስ እናት በልጇ አፍ ትጠየቃለች? እኔ አልጠየቅኩም። ዛሬም ቢሆን አልጠይቅም።

ያወጣኝ ዋርድ፣ ታካሚዎች የሚተኙበት ክፍል፣ ውስጥ ያሳለፍኩት ጊዜ ነው። በግራ ጎናቸው እንዲተኙ በእጄ አሳየኋቸው። የስቴቶስኮፑን ቤል፣ ዝቅ ያለ ድምፅ የሚሰማበትን ጎድጓዳ ጎኑን፣ የልባቸው ጫፍ ላይ ለስለስ አድርጌ አሳረፍኩ። ትንፋሻቸውን አስወጥተው እንዲይዙ እኔው ተንፍሼ አሳየሁ። ያ ዝቅ ያለ፣ የሚያጉረመርም ድምፅ መጣ። ማይትራል ስቴኖሲስ፣ የልብ ቫልቭ መጥበብ! በአገራችን ብዙ ጊዜ የሚመጣው በልጅነት ሳይታከም ከቀረ የጉሮሮ ሕመም በኋላ ነው።

አንዱ ፈታኝ ሂስትሪው፣ ከታካሚዋ ጠይቄ ያገኘሁት የሕመም ታሪክ፣ ለምን ሳሳ አለኝ። ምክንያቱን ነገርኩት። "ሐኪም ሰበብ አያበዛም" ብሎ ነጥብ ቀነሰ። ለጥቂት አለፍኩ። በምርመራዬ ግን እኮራለሁ።

ኦሬንቴሽን ላይ የመጨረሻውን ሳምንት መጽሐፍ ላይ አሳልፉ ይሏችኋል። አትስሟቸው። ጠዋት ጠዋት ዋርድ ግቡና ታካሚ መርምሩ። የአካባቢውን ቋንቋ ዋና ዋና ጥያቄዎች ከነርሶች ጠይቃችሁ በደብተር ጻፉ። "ማልቱ ኢሲን ዹኩባ?" ብሎ ምን እንዳመማቸው መጠየቅ ብቻውን የታካሚን ፊት ይፈታል። ለፈተናው ብቻ አይደለም፣ ነገ ኢንተርን ሆናችሁ ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ስትቆሙም ያስፈልጋችኋል።

ጋውናችሁ ኪስ ውስጥ ቆሎ፣ በእጃችሁ ውሃ ያዙ። ተኙ። ያነበባችሁት ነገር ጭንቅላት ውስጥ የሚረጋው በእንቅልፍ ነው። ካፌይን ከተጠጣ 5 ሰዓታት ገደማ ካለፉ በኋላም ግማሹ ሰውነት ውስጥ አለ፣ ስለዚህ ማታ ቡና ይቅርባችሁ። ጫትማ ጭራሽ አይሞከር። ለፈተና ብቻ ብለው ጀምረው ፈተናው አልፎም መተው ያቃታቸው ጓደኞች አሉኝ። ይህን ስጽፍ ያመኛል።

አስተርጓሚ እንዲመደብና የተራ ዝርዝር እንዲለጠፍ ለዲፓርትመንቱ በደብዳቤ ጠይቄያለሁ። "እናየዋለን" አሉኝ። እናንተ ቀደም ብላችሁ በባች ተወካያችሁ በኩል አስገቡ። ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ሳይወጣለት፣ ቀሪው ላይም ማህተም ሳይመታበት ተወካዩ እንዳይመለስ።