የእማዬ እጅ፣ ቡናና የባቄላ እሸት

ጥቅምት፣ እሑድ ማታ

ዛሬ እማዬ ራሷ ቡና አፈላች። ለሌላ ቤት ይሄ ወሬ አይደለም። ለእኛ ግን ትልቅ ወሬ ነው።

ረከቦቱ ፊት ተቀምጣ ቀኝ እጇን ጉልበቷ ላይ ታሳርፋለች። እጁ ይንቀጠቀጣል። አውራ ጣትና ሌባ ጣት የማትታይ ፍሬ የሚፈለፍሉ ይመስል ይተሻሻሉ። ከዚያ ጀበናውን ታነሳለች። በዚያው እጅ። መንቀጥቀጡ ቀጥ ይላል። አንድ ጠብታ ሳታፈስ ስድስቱን ሲኒ ትሞላለች። ጀበናውን ማቶቱ ላይ መልሳ እጇን ጉልበቷ ላይ ስታደርግ፣ ጣቶቿ ያቺን ፍሬ መፈልፈል ይቀጥላሉ።

መጀመሪያ ሰሞን ግራ ያጋባን ይሄ ነበር። ሥራ ሲይዝ የሚተው በሽታ ምን ዓይነት በሽታ ነው? ወንድሜ «ጭንቀት ነው» አለ። አንዲት ጎረቤታችን «ጸበል ውሰጃት» አሉኝ፤ ሄድንም። እኔ ደግሞ «ቡና አብዝተሽ ነው» ብዬ ሁለት ሳምንት ከለከልኳት። ያተረፍኩላት ራስ ምታት ብቻ ነው።

ራስ ምታቱ ለምን እንደመጣ የገባኝ በኋላ ነው። ቀኑን ሙሉ ስንደክም አዴኖሲን የሚባል ነገር አንጎላችን ውስጥ ይጠራቀማል። የነርቭ ሴሎች ላይ የራሱ መቀመጫ አለው። እዚያ ላይ ሲያርፍ እንቅልፍ ይጫነናል። ካፌይን መጥቶ ወንበሩን ይይዝበታል፤ ተቀምጦም ምንም አይሠራም። ወንበር ይዞ ዝም። ታዲያ ሃምሳ ዓመት አቦል፣ ቶና፣ በረካ ስትል የኖረች ሴት አንጎል ብልህ ነው፤ ተጨማሪ ወንበር ያዘጋጃል። ቡናው ድንገት ሲቀር አዴኖሲን ያንን ሁሉ ወንበር ይሞላዋል። የጭንቅላት የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ራስ ይፈነዳል። «ቡና ካልጠጣሁ ያመኛል» የሚሉ እናቶችን ድሮ ሰበበኛ እላቸው ነበር። ይቅርታ።

ምልክቱ ግን ከእጇ በፊት ጀምሮ ነበር። እማዬ የሰፈሩን ሴቶች ዕቁብ የምትጽፈው እሷ ናት። ባለፈው የድሮ ደብተሯን ገለጥኩት። ገጹ አናት ላይ ፊደሏ ደንበኛ ነው። ወደ ታች ሲወርድ እየሟሸሸ፣ እየሟሸሸ ሄዶ የመጨረሻዎቹ ስሞች የጉንዳን ሰልፍ ይመስላሉ። ከዚያም በፊት ቡና ታሳርር ነበር። ቤቱ በጭስ ታፍኖ እሷ ምንም ሳይሸታት ትቆላለች። «ሐሳብ ይዞኝ ነው» ትላለች። ማሽተት መቀነስ እጅ ከመንቀጥቀጡ ዓመታት ቀድሞ ሊመጣ እንደሚችል ማን ያውቃል?

የነርቭ ሐኪሙ ማሽን ውስጥ አላስገባትም። «ማዘር፣ እስቲ ጣትዎን እንዲህ ቶሎ ቶሎ ያጋጩ። አሁን ይነሱና በሩ ድረስ ሄደው ይመለሱ።» ስትሄድ ቀኝ እጇ እንደማይወዛወዝ ያየሁት ያን ቀን ነው። ስንት ዓመት አብሬያት እየኖርኩ። ስሟንም አስጻፋት። ከዚያ «ፓርኪንሰን ነው» አለ።

እማዬ ዝም ብላ ቆየችና «የፈረንጅ ስም ያለው በሽታ እኔ ጋ ምን ሊሠራ መጣ?» አለችው።

ስሙ የመጣው ከጄምስ ፓርኪንሰን ነው። ለንደን ውስጥ የነበረ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1817 ስለ ስድስት ሰዎች ጻፈ፤ ከእነሱ ውስጥ አንዳንዶቹን መንገድ ላይ አይቷቸው ነው። በእንጨት መቀመጫ ላይ ሆኜ ተራ ስጠብቅ እኔም የሰው አካሄድ ማየት ጀምሬያለሁ።

እንግዲህ ነገሩ ይሄ ነው። አንጎል ሥር፣ መካከለኛው ክፍል ላይ፣ በዓይን ሲታይ ጥቁር የሆነ ትንሽ ቦታ አለ። እዚያ ያሉት ሴሎች ዶፓሚን ይሠራሉ። እንቅስቃሴ እንዲጀመር፣ እንዲለሰልስ የሚያደርገው እሱ ነው። እነዚህ ሴሎች ቀስ በቀስ ይሞታሉ። ሰው እጁ መንቀጥቀጡን ሲያስተውል ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ካለቁ በኋላ ነው። አንጎል እስከዚያ ድረስ በቀረችው ይብቃቃል። እማዬም ደሞዝ ሳይደርስ ወሩን እንዲያ ነበር የምታብቃቃው።

ነርቭ ሲባል ድሮ የኤሌክትሪክ ሽቦ ነበር የሚታየኝ። ግማሹ እውነት ነው። መልእክቱ ነርቩ ውስጥ በኤሌክትሪክ ይሮጣል፤ ፈጣን የሚባለው በሰከንድ መቶ ሜትር ያልፋል። ግን ሽቦው መጨረሻ ላይ ይቋረጣል። በአንዱ ሴልና በሌላው መካከል ክፍተት አለ። በዓይን ቀርቶ በተራ ማይክሮስኮፕ የማይታይ። መልእክቱ እዚያ ሲደርስ ኬሚካል ሆኖ ይሻገራል። ይሄን ያሳየው ኦቶ ሌቪ የሚባል ሰው ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1921፣ ኦስትሪያ። የራሱን ታሪክ ሲያወራ ሐሳቡ የመጣልኝ በሕልሜ ነው ይላል። ሌሊት ነቅቶ ጻፈው፤ ጠዋት የራሱን ጽሑፍ ማንበብ አቃተው። በማግስቱ ሌሊት ሕልሙ ተመልሶ መጣ። ያኔ ለጠዋት አላሳደረውም፤ ተነስቶ ቤተ ሙከራው ገባ። ሁለት የእንቁራሪት ልብ ወሰደ። የአንደኛውን ነርቭ ነካክቶ ምቱን አዘገየው። ልቡ የተነከረበትን ውኃ ቀድቶ ነርቭ የሌለው ሁለተኛው ልብ ላይ አደረገው። እሱም ዘገየ። ሽቦ የለ፣ ምን የለ፤ ውኃው ብቻ።

ይሄን ለእማዬ ነገርኳት። «ሕልም እንደፈቺው ነው» አለች።

የአንጎል መድኃኒት አብዛኛው የሚገባው በዚያች ክፍተት ነው ማለት ይቻላል። አንዱ መልእክተኛውን ያበዛል፣ አንዱ ወንበሩን ይይዛል፣ አንዱ የተለቀቀው ቶሎ እንዳይሰበሰብ ያደርጋል። የእማዬ ችግር ዶፓሚን ነው ካልን ዶፓሚን መስጠት ነዋ? አይሆንም። ከደም ወደ አንጎል የሚያስገባው በር ጥብቅ ዘበኛ አለው፤ ዶፓሚንን አያሳልፍም። የሚያሳልፈው ሊቮዶፓን ነው። ሊቮዶፓ ከገባ በኋላ ዶፓሚን ይሆናል። ስዊድናዊው ተመራማሪ አርቪድ ካርልሰን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ጥንቸሎችን ሬዘርፒን በሚባል መድኃኒት አደነዘዛቸው። ጆሯቸው ወድቆ፣ ባሉበት ደርቀው ቀሩ። ሊቮዶፓ ሲወጋቸው ተነስተው መሮጥ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2000 በሕክምና ኖቤል ከተሸለሙት ሦስት ሰዎች አንዱ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ደግሞ ቪየና ውስጥ ከአልጋ መነሳት ያቃታቸው ሕመምተኞች በዚሁ መድኃኒት ተነስተው ሄዱ።

የእማዬ ክኒን ላይ 25/250 ይላል። ትልቁ ቁጥር ሊቮዶፓ ነው። ትንሹ ካርቢዶፓ ነው፤ ሥራው ሊቮዶፓው መንገድ ላይ፣ ሆድና ደም ውስጥ እያለ፣ ዶፓሚን ሆኖ እንዳይቀር መጠበቅ ነው። አጃቢ በሉት። አጃቢው አንጎል ውስጥ አይገባም፤ በሩ ላይ ይቀራል።

አጃቢ ቢኖረውም መጀመሪያ ላይ በጣም አቅለሸለሻት። አሁን የምጽፈው ሳልጽፈው የቆየሁትን ነው።

ከሰፈራችን አንድ ክሊኒክ ወሰድኳት። «ያስመልሳታል» አልኩ። ምን መድኃኒት እንደምትወስድ ማንም አልጠየቀኝ፤ እኔም አልተናገርኩም። የማስመለስ ማስታገሻ ሰጡን፣ ሜቶክሎፕራማይድ። ማቅለሽለሹ ተወት አደረጋት። በአምስተኛው ቀን ግን እማዬ አልጋዋ ላይ መገላበጥ አቃታት። ፊቷ እንደ ጭምብል ደረቀ። ምራቋ በከንፈሯ ጥግ ይወርዳል። በሽታው ጠናባት ብዬ አለቀስኩ።

በሽታው አልነበረም። ያ ክኒን የዶፓሚንን ወንበር የሚይዝ ነው። ማስመለስን የሚቀሰቅሰው ቦታ ላይ ያለውን ወንበር ሲይዝ ጥሩ ነው። ግን ያንን ጥብቅ በር አልፎ ይገባል፤ እንቅስቃሴ የሚመራበትንም ቦታ ይይዛል። በአንድ እጄ ዶፓሚን እየሰጠኋት በሌላው መቀመጫ ነሳሁት። አቁሙ ተባልን፣ አቆምን። ለመመለስ ሁለት ሳምንት ፈጀባት። በእሷ ቦታ ቢሆን ይሻል የነበረው ዶምፐሪዶን ነው፤ እሱ ያንን በር እምብዛም አያልፍም። ከዚያ ወዲህ የመድኃኒቶቿን ስም በወረቀት ጽፌ ቦርሳዋ ውስጥ ከመታወቂያዋ ጋር አስቀምጫለሁ። ለጥርስ ብንሄድም አወጣዋለሁ።

ሌላው ጣጣ ምግብ ነው። ሊቮዶፓ የሚገባበት በር የፕሮቲን ስብርባሪዎችም የሚገቡበት ነው። የሜክሲኮ አደባባይን የታክሲ ሰልፍ አስቡት። ሥጋና ዕንቁላል የበላች ቀን ሰልፉ ይረዝማል፣ ክኒኑ ቆሞ ይቀራል። ስለዚህ ክኒኑ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ነው። ፋሲካ ዕለት ዶሮ ወጡ ላይ ክኒኗን ወሰደች፤ ቀኑን ሙሉ ከሶፋው አልተነሳችም። እንግዶቹ ጾሙ ጎድቷት ነው አሉ።

ሐኪሙ አንድ ቀን ሌላ መድኃኒት ሊጨምርላት ሲያስብ ያልጠበቅነውን ጠየቃት። «ማዘር፣ ቁማር ይጫወታሉ? ዕቃ መግዛት በጣም ያምርዎታል?» እማዬ ሳቀች። «ዕቁብ ቁማር ካልተባለ!» ጥያቄው ግን ቀልድ አልነበረም። ያ ዶፓሚን የእንቅስቃሴ ብቻ አይደለም፤ መሻትም በእሱ ነው። ደም ውስጥ የገባ ክኒን ደግሞ የየትኛው ክፍል እንደሆነ አያውቅም። እንደዚህ ዓይነት መድኃኒት ወስደው በእርጅናቸው ቁማር የለመዱ ሰዎች አሉ። በተቃራኒው ሃሎፔሪዶል የሚወስድ የአእምሮ ሕመምተኛ እጁ ሲንቀጠቀጥ፣ እግሩ ሲጎተት ታያላችሁ። የእሱ መድኃኒት ወንበሩን ስለያዘበት ነው። ሰፈራችን ያለውን አንድ ልጅ «አካሄዱን እዩት» ብለው የሚስቁትን አሁን ዝም ብዬ አላልፋቸውም።

ወንድሜም የዚሁ ቤት ሰው ነው። ጫት ይቅማል። ጫቱ ውስጥ ያለው ካቲኖን ሴሎቹ ያጠራቀሙትን ዶፓሚን አስወጥቶ ይዘረግፈዋል። ምርቃናው እሱ ነው። ቅጠሉ ሲደርቅ ካቲኖኑ ወደ ደካማ ነገር ስለሚለወጥ ነው በኮባ ተጠቅልሎ የሚጣደፈው። ማታ ለጨብሲ ሲወጣ ደግሞ አልኮሉ የሚያረጋጋውን መስመር ያጎላል። ጠዋት ይነጫነጫል። እማዬ እያየችው «እኔ በመድኃኒት ለቅሜ የማላገኘውን አንተ በነጻ ትበትነዋለህ» አለችው ባለፈው። ልጁ ለሁለት ቀን አልቃመም። ሦስተኛው ቀን ቃመ።

ቡናን ግን መለስኩላት። ቡና የሚጠጡ ሰዎች በፓርኪንሰን የመያዝ ዕድላቸው ዝቅ ያለ ሆኖ በብዙ ጥናት ታይቷል። ለእማዬ ይሄን ማንበብ ሲያናድድ! ከእሷ በላይ ማን ጠጣ? ቢሆንም የአዴኖሲን ወንበሮች አንዱ ዓይነት ዶፓሚን በሚያርፍባቸው ሴሎች ላይ ነው ያለው። ያንን የሚይዝ መድኃኒት ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2013፣ አሜሪካ በ2019 ለዚህ በሽታ ፈቅደዋል። ስለዚህ ጀበናው ይቆይ።

ዛሬ ከሥላሴ ስንመለስ መንገድ ዳር የባቄላ እሸት ይሸጥ ነበር። አንድ እቅፍ ገዛሁ። ምክንያት ነበረኝ። ሊቮዶፓን መጀመሪያ ከባቄላ ያወጣው ማርከስ ጉገንሃይም የሚባል የስዊዘርላንድ ኬሚስት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1913። ምን እንደሚያደርግ ለማየት 2.5 ግራም ራሱ ዋጠ። አስመለሰው። ጥቅም የለውም ብሎ ተወው። እኛ አገር ሰዉ ሁሉ በመስከረም ከነግንዱ እየገዛ በመንገድ ላይ የሚፈለፍለው ባቄላ።

ይሄንንም ለእማዬ ነገርኳት፤ ከቶና በኋላ፣ እሸቱን እየፈለፈልን።

«እሱንም አስመለሰው?»

«አዎ።»

«አየሽ፣ እኔ ብቻ አይደለሁም።» ደስ አላት።

እሸቱ በክኒኑ ምትክ እንደማይሆን አስረዳኋት። በአንዱ እሸት ውስጥ ስንት ሊቮዶፓ እንዳለ አይታወቅም፣ ከክኒኑ ላይ ሲደረብም ሊበዛ ይችላል፤ ባቄላ ደማቸውን የሚያፈርስባቸው ሰዎችም አሉ። እየሰማችኝ አልነበረም። የምትፈለፍለውን እያየሁ ነበርና እኔም ንግግሬን ተውኩት። እጇ ሥራ ይዟል። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ያቺኑ እንቅስቃሴ ነው የሚሠሩት፤ አሁን ግን በመካከላቸው እውነተኛ ፍሬ አለ፣ እና አይንቀጠቀጡም።

ስልኬ ጮኸ። የአሥራ ሁለት ሰዓቱ ክኒን።

«ገና በረካው አልተቀዳም» አለች።

ግማሹን ሰዓት ተከራክረን ጨረስነው።