ሚንት ላይ እንዴት ቆምኩ

እኛ ቤት ያለችው ላፕቶፕ ሱቅ ውስጥ «ኮር አይ ፋይቭ፣ ፎርዝ ጀነሬሽን» ብለው ከሚሸጧቸው ናት። ራሟ 4 ጊጋ ነው። ኪቦርዷ ደህና፣ ስክሪኗ ደህና፣ ባትሪዋ እንደነገሩ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ አቆመ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል። ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም በይፋ የሚቀበለው፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ ያሉትን ነው። የእኛዋ አታልፍም። በጓሮ በር የሚያስገቡ ልጆች አሉ፤ ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ በፍላሽ ይዘው ይመጣሉ። እዚያ ፍላሽ ውስጥ ሌላ ምን እንዳለ ግን እነሱም አያውቁም።

ስለዚህ በዊንዶውስ ቦታ ወደሚጫነው ነፃ ሥርዓት፣ ወደ ሊኑክስ ዞርኩ።

እዚህ ሰውን የሚያደክመው የምርጫው ብዛት ነው። የሊኑክስ ጀማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ በፈረንጆቹ 1991 ያወጣው ከርነሉን፣ ማለትም የሥርዓቱን እምብርት፣ ብቻ ነው። ከርነሉ ላይ ዴስክቶፑን፣ ፕሮግራሞቹንና መጫኛውን አሰናድቶ የሚያቀርብ ሁሉ የራሱን ዲስትሮ፣ ማለትም የራሱን የሊኑክስ ዓይነት፣ ይሠራል። ኡቡንቱ አለ፣ ፌዶራ አለ፣ ዴቢያን፣ ሚንት፣ ዞሪን፣ ማን ቆጥሮ ይጨርሳል። ኮምፒውተር የሚያውቅ ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ «አርች ጫን፣ በደንብ ትማርበታለህ» ይላችኋል፤ አርች ብዙውን ነገር በእጅ የምታሰናዱበት ዲስትሮ ነው። ለእኔም ተብሏል። አርች እውነትም ያስተምራል። እኔ ግን በማግስቱ የማስረክበው ጽሑፍ ነበረኝ።

የዲስትሮ ማወዳደሪያ ቪዲዮዎችን ማየት አቆምኩና ከራሴ ቤት ተነሳሁ። ኢንተርኔቱ በጊጋ ይገዛል። ራሙ ትንሽ ነው። አማርኛ መጻፍ ግዴታ ነው። እህቴ ላፕቶፑን ለዩኒቨርሲቲ ሥራዋ ትጠቀምበታለች፤ የእሷ ጥያቄ አጭር ነበር፦ «ቴሌግራም አለው?»

ከኢንተርኔቱ ልጀምር። የኡቡንቱ 24.04 መጫኛ ፋይል ወደ 6 ጊጋ ይጠጋል። የሊኑክስ ሚንት 22 ደግሞ 3 ጊጋ ገደማ ነው። በሌሊት ጥቅል ለሚያወርድ ሰው ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም። የፌዶራ ፋይልም ትንሽ ነው። ችግሩ በየስድስት ወሩ አዲስ እትም ያወጣል፤ እያንዳንዱ እትም ድጋፍ የሚያገኘው ለ13 ወር ያህል ነው። በዓመት አንዴ ሙሉ ሥርዓቱን ማሻሻል ይመጣል ማለት ነው። ሚንት 22 የተሠራው በኡቡንቱ 24.04 ላይ ስለሆነ እስከ ፈረንጆቹ 2029 ድጋፍ አለው። በመሃል የሚመጡት አነስ ያሉ አፕዴቶች ናቸው።

ዞሪን ላይ ትንሽ አመነታሁ። የአየርላንድ ልጆች ሥራ ነው፤ መልኩ ያምራል፣ ከዊንዶውስ ለሚመጣ ሰውም ይመቻል። 18ኛውን እትም ያወጡት ዊንዶውስ 10 ድጋፉ ባበቃበት በዚያው ቀን ነው፤ ነጋዴ ማለት እንዲህ ነው! የተውኩት መጥፎ ሆኖ አይደለም። የሥራ ባልደረባዬ ሚንት ይጠቀማል፤ ቢቸግረኝ ደውዬ «አሁን የቱን ልጫን?» የምለው ሰው አለኝ። ለጀማሪ ይህ ከየትኛውም ባህርይ በላይ ነው እላለሁ።

ከሚንት ውስጥም የዴስክቶፕ ምርጫ አለ፦ ሲናሞን፣ ማቴ እና ኤክስኤፍሲኢ። ሲናሞን ቆንጆው ነው። ለ4 ጊጋ ራም ግን ቀለል ያለውን ኤክስኤፍሲኢን ወሰድኩ። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ፤ ብሮውዘር ላይ ሃያ ታብ የሚከፍት ሰው የትኛውም ዲስትሮ አያድነውም። ላፕቶፗን በእርግጥ የቀየራት የሚሽከረከረውን ሃርድ ዲስክ አውጥቼ ኤስኤስዲ፣ ማለትም የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ፣ ማስገባቴ ነው። ትንሽ ገንዘብ ካላችሁ ከሁሉ በፊት እዚያ ላይ አውሉት።

መጫኛውን ዊንዶውስ ላይ እያለሁ ሩፈስ በሚባል ነፃ ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ጻፍኩ። ፍላሹ ውስጥ የነበረው ሁሉ ይጠፋል፤ አስቀድሞ ማውጣት ነው። ከዚያ ላፕቶፑ ሲነሳ ከየትኛው ዲስክ እንደሚነሳ የሚመረጥበትን የቡት ምርጫ መክፈት፤ ቁልፉ እንደ ሞዴሉ ኤፍ 12 ወይም ኤፍ 9 ሊሆን ይችላል። ሚንት ሳይጫን፣ ሃርድ ዲስኩን ሳይነካ፣ ከፍላሹ ላይ ይነሳል። ቀርፈፍ ይላል እንጂ ሁሉንም ያሳያል። ብዙ ሰው አምስት ደቂቃ አይቶ «አሪፍ ነው» ብሎ ወደ መጫን ይሮጣል። እኔ ቅዳሜን ሙሉ እዚያ ላይ አሳለፍኩ። ድምፁ ይሠራል? ክዳኑን ዘግቼ ስከፍተው ይነቃል? ፕሪንተሩ ያትማል? ፕሮጀክተር ላይ ቢሰካስ?

ዋይፋዩ አልታየም። የአንዳንድ አምራቾች የዋይፋይ ቺፕ ለብቻው የሚጫን ድራይቨር፣ ማለትም ቺፑን የሚያሠራ ፕሮግራም፣ ይፈልጋል፤ ድራይቨሩን ለማውረድ ደግሞ ኢንተርኔት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ተስፋ የሚቆርጥ ብዙ ነው። መውጫው ቀላል ነው። አንድሮይድ ስልክ በቻርጀር ገመዱ ላፕቶፑ ላይ ይሰካል፤ ስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ኢንተርኔቱን በገመድ የሚያጋራው ዩኤስቢ ቴተሪንግ ይበራል። ሊኑክስ በገመድ እንደመጣ ኢንተርኔት ቆጥሮ ወዲያው ይቀበለዋል። ሚንትን ከጫንኩ በኋላ ድራይቨር ማኔጀር ላይ ገብቼ የተጠቆመውን ጫንኩ፤ አጥፍቼ ሳስነሳው ዋይፋዩ መጣ።

አሁን ወደ አማርኛው። ሚንት ላይ ከሶፍትዌር ማኔጀር አይባስ-ኤም17ኤን (ibus-m17n) የሚባለውን የኪቦርድ ፕሮግራም ፈልጎ መጫን ነው። ከዚያ አይባስ ምርጫዎች ውስጥ አማርኛ ስር «ሴራ» የሚለው አለ። የሚጻፈው በላቲን ድምፅ ነው፤ ኤስ እና ኢ ተከታትለው ሲመቱ ሰ ይወጣል፣ ኤም ብቻዋን ም ትሆናለች። ትልቁ ቲ ለጠ ዘር ነው፣ ትንሹ ለተ። ትልቁ ኤች ለሐ ዘር ነው። ዊንዶውስ ላይ ከለመድኩት አንዳንድ ቁልፎች ቢለያዩም ጣት ቶሎ ይለምዳል።

የከበደው የድሮ ሰነዶች ጉዳይ ነው። ኒያላ የማይክሮሶፍት ፎንት ስለሆነ ሊኑክስ ላይ የለም። በኒያላ የተጻፈ ደብዳቤ ይከፈታል፤ ግን በሌላ ፎንት ስለሚታይ መስመሩ ይዛነፋል፣ ሁለት ገጽ የነበረው ሦስት ይሆናል። ለአዲስ ጽሑፍ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ያገለግላል። የባሰው ዩኒኮድ፣ ማለትም የፊደላት የጋራ የኮምፒውተር መለያ ቁጥር፣ ከመለመዱ በፊት በነበሩ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈው ነው። ፎንቱ ከሌለ የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይመጣል። ፋይሉ ተበላሸ ብላችሁ እንዳትደነግጡ። ዊንዶውሱን ከማጥፋታችሁ በፊት እነዚያን የፎንት ፋይሎች ኮፒ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ሚንት ላይ ሲጫኑ ጽሑፉ ይመለሳል።

እህቴ ተርፋለች። ቴሌግራም አለው። ወርድ የለም፣ ሊብረኦፊስ ግን አብሮ ይመጣል። አስተማሪው ፒዲኤፍ ከተቀበለ ምንም ችግር የለም። የወርድ ፋይል ካለ ግን፣ ሠንጠረዥ የበዛበት ከሆነ፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ ማየት ይሻላል። ያልጠበቅነው ጥቅምም አገኘን። ከፎቶ ኮፒ ቤት የሚመጣው ፍላሽ፣ ያ ፋይሉን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስ ያለበት፣ እዚህ ሲሰካ ቫይረሱ አይነሳም። የተደበቀው ፎልደር ፍንትው ብሎ ይታያል። አሁን የክፍል ጓደኞቿ ፍላሽ ሁሉ እኛ ቤት ነው የሚጸዳው።

የአክስቴ ልጅ ይህን አይቶ «ለእኔም ጫንልኝ» አለ። እሱ ሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ እንጀራው ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ መዝገብ ፕሮግራም ነው፤ ፒችትሪ ደግሞ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን ሊኑክስ ላይ በሚያስኬደው በዋይን በኩል ለማስኬድ የሚታገሉ አሉ፤ የሰው ደሞዝ የሚሠራበትን ነገር ግን እንደዚያ አልሞክርም። አውቶካድና ፎቶሾፕ ለሚጠይቁኝም መልሴ ያው ነው። ለእሱ ዲስኩን ለሁለት ከፍለን፣ ባክአፕ ወስደን፣ ዊንዶውሱን ለፒችትሪ ብቻ ያለ ኢንተርኔት ተውነው። ኢሜይሉንና ዩቲዩቡን ሚንት ላይ ይከፍታል። ላፕቶፑ ሲነሳ የቱን እንደሚፈልግ ይጠይቀዋል፤ መጀመሪያ ሰሞን መምረጡን እየረሳ ሚንት ይከፈትበትና ፒችትሪ የት ሄደ ብሎ ይደውልልኝ ነበር።