ማይግሬንና ቻትቦት፦ ለመመዝገብ እንጂ ለመቁጠር አይደለም

ራስ እየፈለጠ ቅጽ መሙላት የማይታሰብ ነው፤ የስልኩ ብርሃን ራሱ ያማል። ስለዚህ ሰው ሰራሽ አስተውሎት (በጽሑፍ ወይም በድምፅ የሚያወራው ቻትቦት) ለማይግሬን፣ ማለትም ለከባድና ተመላላሽ ራስ ምታት፣ ታማሚ በደንብ የሚጠቅመው፣ በእኔ ግምት፣ በጸሐፊነቱ ነው። ዓይን ጨፍኖ በድምፅ "ከምሳ በኋላ ጀመረኝ፣ በግራ በኩል፣ ሕመሙ ከአስር ሰባት፣ ያቅለሸልሸኛል፣ ሱማትሪፕታን 50 ሚሊግራም ዋጥኩ" ማለት ይበቃል፤ እሱ ለያይቶ በሰንጠረዥ ያሰፍረዋል። "ያልነገርኩህን ባዶ ተወው" ብሎ ማዘዝ ግን ግድ ነው። ካልተባለ ክፍት ቦታውን ከራሱ ሊሞላ ይችላል።

ያመመበትንና መድኃኒት የተወሰደበትን ቀን መደመሩን ግን ለእሱ መተው አያዋጣም። በረጅም ምልልስ ውስጥ የተበተኑ ቀናትን ሲቆጥር ይስታል፣ ሲስትም ፍጹም እርግጠኛ መስሎ ነው። ሰንጠረዡን ኤክሴል ላይ ገልብጦ እዚያ መደመር ይሻላል። ቁጥሩ የዋዛ አይደለም፦ ትሪፕታን (እንደ ሱማትሪፕታን ያሉ የማይግሬን መድኃኒቶች) በወር 10 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን ብቻ ከሆነ 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከ3 ወር ለበለጠ ጊዜ ሲወሰድ ማስታገሻው ራሱ ራስ ምታት ሊያመጣ ይችላል። እያቀያየሩ ለሚወስዱ ወሰኑ 10 ቀን ነው። የሚቆጠረውም ቀኑ እንጂ ክኒኑ አይደለም፤ በአንድ ቀን ሁለቴ የዋጠ ሰው አንድ ቀን ነው የሚያዝበት።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ "ምን ቀሰቀሰብኝ?" የሚለው ጥያቄ ነው። ቸኮሌት በልቶ በማግስቱ የታመመ ሰው "ቸኮሌቱ ይሆን?" ብሎ ቢጠይቅ ቻትቦቱ ሊስማማለት ይቸኩላል። ማይግሬን ግን ፍልጠቱ ከመምጣቱ ከሰዓታት፣ አንዳንዴም ከአንድ ሁለት ቀን በፊት ይጀምራል፤ ማዛጋት፣ የአንገት መገተር፣ ጣፋጭ ማማር ምልክቶቹ ናቸው። ቸኮሌቱ ያማረው ማይግሬኑ ስለጀመረ ይሆናል! መጠየቅ ያለበት "ቸኮሌት ተበልቶ ያላመመባቸው ቀናት የትኞቹ ናቸው?" ተብሎ ነው። ለዚህም ደህና የተዋለባቸው ቀናት ቢያንስ በአንድ መስመር ይመዝገቡ፦ የእንቅልፍ ሰዓት፣ የተበላው፣ የወር አበባ።

በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጣሪያ የነካ ፍልጠት፣ የፊት መጣመም፣ ከዚህ በፊት ያልታየ የአንደበት መተሳሰር ከመጣ ምንም አይተየብም፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ለነርቭ ሐኪሙ ስም የሌለበት አንድ ገጽ ማጠቃለያ ያስጽፉት፦ ያመመባቸው ቀናት፣ መድኃኒት የተወሰደባቸው ቀናት፣ ሦስት ጥያቄዎች። ከክኒኑ 2 ሰዓት በኋላ ሕመሙ ከስንት ወደ ስንት እንደወረደ የሚያሳየው ዓምድ እንዳይዘለል፤ ሐኪሙ መድኃኒቱ መሥራት አለመሥራቱን የሚመዝነው በእሱ ነው።