የፍርድ ቤት ፊልም ስክሪፕት ከወሎ፦ ውጥረቱን ከአዋጁ መቅዳት

ኮምቦልቻ ላይ የሚያጠነጥነው የአጭር ፊልም ስክሪፕታችን ረቂቅ ተጠናቀቀ። ታሪኩ ፈጠራ ነው፦ አንድ የጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ ያልተጣራ ፍሳሽ በሌሊት ወደ ቦርከና ይለቃል፤ ከታች በመስኖ የሚያለሙት ገበሬዎች ይከሳሉ። ገጸ ባሕርያቱና ቦታው ብዙ አላስቸገሩም። (የፋብሪካው ስም ግን በአካባቢው ካለ ከማንኛውም ድርጅት ጋር እንዳይመሳሰል ደጋግሞ ማጣራት ግድ ነው።) ፈተናው ውጥረቱ ነበር።

የአሜሪካ ፊልም የለመደ ጸሐፊ እጁ ወደ ጁሪ፣ ከሕዝብ ተውጣጥቶ ወደሚፈርደው ቡድን፣ ይሄዳል። እኛ ጋ ጁሪ የለም። ዳኛ ያዳምጣል፣ ይመዘግባል፣ ቀጠሮ ይሰጣል። ጠበቃ ችሎት መሐል እየተንጎራደደ የሚያደርገው ረጅም ንግግር ቆንጆ ቢሆንም እንኳ መውጣት አለበት፤ ፍርድ ቤት ደጅ የጠና ተመልካች አያምነውም።

መፍትሔው የተገኘው በአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995፣ አንቀጽ 11 ላይ ነው። ማንኛውም ሰው፣ ጉዳቱ እሱን ባይነካውም፣ በካዩ ላይ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ፣ ወይም ውሳኔው አቤት ባዩን ካላረካው፣ ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም ጊዜው ካለፈበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ለፊልም ከዚህ የተሻለ ሰዓት የለም! ስለዚህ የመጀመሪያው ወሳኝ ትዕይንት የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት ውስጥ ነው፦ ገበሬው ቀንና ማኅተም ያረፈበት የአቤቱታ ቅጂ ሳይቀበል ከወጣ፣ 30ው ቀን መቼ እንደጀመረ የሚያስረዳበት ነገር የለውም። የካሳው ጥያቄ ሌላ ሰዓት አለው፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰ 2 ዓመት። ሁለቱን የሚያምታታ ስክሪፕት የሕግ ሰው ፊት አይቆምም።

ሁለተኛው የውጥረት ሞተር የውኃው ናሙና ነው። አንዱ ጠርሙስ ከፍሳሽ ቱቦው በላይ፣ ሌላው በታች ይቀዳል፤ የታችኛው ብቻ ከሆነ «ከላይ የመጣ ነው» ተብሎ ይጣላል። ቦታው፣ ቀኑ፣ ሰዓቱና የቀጂው ስም ይጻፍበታል። በ4 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቀዘቅዛል። በውኃው ያለውን ቆሻሻ ተሕዋስያን ሲያብላሉ ምን ያህል ኦክስጅን እንደሚፈጁ የሚለካው ምርመራ (ቢኦዲ) ከሆነ በ48 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ምርመራው አዲስ አበባ ከሆነ ደግሞ ወደ 400 ኪሎ ሜትር መንገድ አለ፤ በረዶው ይሟሟል፣ መኪና ይበላሻል። የተከሳሽ ጠበቃም ስለ ኬሚስትሪ አይጠይቅም፤ «ሌሊቱን ጠርሙሱ በማን እጅ አደረ?» ይላል። እያንዳንዱ ርክክብ ካልተፈረመበት ክሱ እዚያው ይላላል። ይህን ጥያቄ የሚያህል ንግግር በስክሪፕቱ ውስጥ የለም።

ሽማግሌዎች ገበሬዎቹንና ፋብሪካውን ሊያስታርቁ የሚገቡበት ትዕይንት ገና ሥራ ይቀረዋል። ወሎ ላይ ሼኩና ቄሱ አብረው ደጅ ሲመጡ እምቢ ማለት ከባድ ነው፤ ቡና ይፈላል፣ ዱአ ይደረጋል፣ ቀጠሮ ለሳምንት ይተላለፋል። ሽማግሌዎቹን የተገዙ ማድረግ ግን ሰነፍ አጻጻፍ ነው። ቅን ይሁኑ፤ ድርጅቱ ቅንነታቸውን ጊዜ መግዣ ያድርገው። ትዕይንቱም ከ60ኛው ቀን በፊት፣ ተመልካቹ ቀኑን እየቆጠረ ሳለ ይግባ። እርቁ በተራዘመ ቁጥር የክሱ በር እየጠበበ እንደሆነ ከገበሬዎቹ ወገን የሚያውቀው ጠበቃቸው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ በሽማግሌ ፊት አቋርጦ መናገር አይችልም።