የሳጥኑ 1 ሚሊሰከንድ

ለኮምፒውተር ጨዋታ ውድድር የሚቀርቡ ሞኒተሮችን ፈትሾና አስተካክሎ ማስረከብ የእኔ ክፍል ሥራ በነበረበት ጊዜ፣ ከውድድር በፊት የሚነሡት ጭቅጭቆች አብዛኞቹ መጨረሻቸው አንድ ሰቲንግ ላይ ነበር፤ የስክሪኑ ነጥቦች (ፒክስሎች) ቀለም የሚለውጡበትን ፍጥነት የሚጨምረው ኦቨርድራይቭ። አምራቾች በሜኑው ውስጥ የተለያየ ስም ይሰጡታል፤ ደረጃዎቹ ግን ከሞላ ጎደል ያው ናቸው፦ ዝግ፣ መደበኛ፣ ፈጣን፣ እጅግ ፈጣን። በዚህ ሥራ የቆየ ሰው የመጨረሻውን ደረጃ በዓይኑ ሳያይ አያምነውም። የምተርከው ገጠመኝም የመጣው ከዚሁ ከመጨረሻው ደረጃ ነው፤ ጊዜው ቢርቅም ሳስበው አሁንም ይከነክነኛል።

የገቡልን ባለ 240 ሄርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 240 ጊዜ ምስል የሚያድሱ፣ አይፒኤስ የሚባለው የኤልሲዲ ዓይነት ሞኒተሮች ነበሩ፤ ጥሩ ዕቃዎች ናቸው፣ ዛሬም በክፉ አላነሣቸውም። አንዱን ለናሙና አውጥቼ ፓነሉ እስኪሞቅ ድረስ አብርቼ አቆየሁት፤ የቀዘቀዘ ኤልሲዲ ፒክስሎቹ ቀለም ለመለወጥ ስለሚዘገዩ፣ ከሳጥን እንደወጣ የተፈተሸ ሞኒተር በኋላ የማይደገም ውጤት ይሰጣል። ከዚያ እያንዳንዱን የኦቨርድራይቭ ደረጃ በሰከንድ በ240፣ በ180 እና በ120 ፍሬም (ምስል) እያፈራረቅሁ ተመለከትሁ። በ240 ፍሬም «ፈጣን» የሚለው ከ«መደበኛ» በጥቂቱ ይሻል ነበር። ፍሬሙ ሲወርድ ግን ያው «ፈጣን» ነጭ ጥላ መጎተት ጀመረ፤ «እጅግ ፈጣን»ን ደግሞ በ240 ፍሬምም ቢሆን ጥላው አልለቀቀውም። ውድድሩ የሚካሄድበት ጨዋታ ጭስና ፍንዳታ ሲበዛበት ፍሬሙ ወደ 140 አካባቢ ስለሚወርድና ተለዋዋጭ ሪፍሬሽ ሬት (ሞኒተሩ ምስል የሚያድስበትን ፍጥነት ከጨዋታው ፍሬም ጋር የሚያስተካክለው) በርቶ እንዲቆይ ስለተወሰነ ምርጫው ግልጽ ነበር። ሁሉንም በ«መደበኛ» አስተካክዬ፣ በማስረከቢያው ቅጽ ላይ ደረጃውን ከነምክንያቱ ጽፌ አስረከብሁ።

ምክንያቱ ይህ ነው። የኤልሲዲ ፒክስል ብርሃን የሚያሳልፈው ወይም የሚከለክለው በኤሌክትሪክ ግፊት በሚዞሩ የፈሳሽ ክሪስታል ሞለኪውሎች አማካይነት ሲሆን፣ ሞለኪውሎቹ ከአንድ ግራጫ ወደ ሌላ ቅርብ ግራጫ ሲሻገሩ ዳተኞች ናቸው። ኦቨርድራይቭ ፒክስሉን የሚያቻኩለው ከሚያስፈልገው ያለፈ ግፊት ለአንድ ፍሬም ያህል በመስጠት ነው። ግፊቱ ከበዛ ፒክስሉ ግቡን አልፎ ይሄድና ይመለሳል፤ ከሚንቀሳቀሰው ነገር ኋላ ነጭ ወይም ጥቁር ጥላ ሆኖ የሚታየው ይህ አልፎ መሄድና መመለስ ነው። ግፊቱ የተመጠነው ፍሬሙ 4.2 ሚሊሰከንድ ብቻ ይቆያል ተብሎ ከሆነ ደግሞ፣ ጨዋታው ተጨናንቆ ፍሬሙ 7 ሚሊሰከንድ ሲቆይ ፒክስሉ ያንን የበዛ ግፊት ተሸክሞ ይቆያል፤ ጥላውም ይብሳል። እንደ ጂ-ሲንክ ሞጁል ያለ መሣሪያ የተገጠመላቸው ሞኒተሮች ግፊቱን ከፍሬሙ ፍጥነት ጋር እያስተካከሉ ይሄዳሉ። የእኛዎቹ ይህ አልነበራቸውም።

በልምምዱ ዕለት ከወጣቶቹ ተጫዋቾች አንዱ እጁን አነሣና «እህቴ፣ ከሰውየው ኋላ ነጭ ነገር ይከተላል፤ ዓይኔን እየሳበው ነው» አለኝ። እንዲህ ያለ ቅሬታ ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው ዊንዶውስ ሞኒተሩን ወደ 60 ሄርዝ መልሶት እንደሆነ ነው፤ አልመለሰውም። ሜኑውን ስከፍት ኦቨርድራይቩ «እጅግ ፈጣን» ላይ ነው። የጎኑን ከፈትሁ፤ ያም እንዲሁ። የመስመሩ ሞኒተሮች በሙሉ ተቀይረዋል።

አለቃችን እዚያው አዳራሽ ውስጥ ስለነበሩ ሄጄ ጠየቅኋቸው።

«ሰቲንጉን ያስቀየሩት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ፣ ማታ ራሴ ዞሬ ነው የቀየርሁት። ሳጥኑ ላይ አንድ ሚሊሰከንድ ይላል። የተገዛው አንድ ሚሊሰከንድ ነው፤ አንቺ ለምን ታዘገዪዋለሽ?»

«በሳጥኑ ላይ ያለው ቁጥር የሚገኘው በመጨረሻው ደረጃ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን በዚያ ደረጃ ምስሉ ይበላሻል፤ ተጫዋቹም አሁን የነገረኝ ይህንኑ ነው።»

«ፈጣን ከሆነ እንዴት ይበላሻል?»

ይህ ጥያቄ በቅን ልብ ከተጠየቀ መልካም ጥያቄ ነው፤ መልሱንም ለማንም ቢሆን በደስታ እናገራለሁ። ፒክስሉ ከአንድ ግራጫ ወደ ሌላው ለመሻገር የሚፈጀው ጊዜ ሲለካ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጠረው ከለውጡ 10 በመቶ እስከ 90 በመቶ ያለው ብቻ ነው። ግቡን አልፎ ሄዶ የሚመለስበት ጊዜ በቁጥሩ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ የሳጥኑ ጽሑፍ ሐሰት ባይሆንም ዓይን ስለሚያየው ነገር የሚነግረን ጥቂት ነው። ከዚህም በላይ ፒክስሉ በቅጽበት ቢለወጥ እንኳ ብዥታው አይጠፋም፤ ሞኒተሩ አንዱን ፍሬም ቀጣዩ እስኪመጣ ድረስ ይዞት ይቆያል፣ ዓይናችን ግን የሚንቀሳቀሰውን ነገር ሳያቋርጥ ይከተላል፣ በዚህም የተነሣ ባለበት የቆመው ምስል በዓይናችን ውስጥ ይሳባል። በሰከንድ 960 ፒክስል የሚጓዝ ነገር በ60 ሄርዝ 16 ፒክስል፣ በ240 ሄርዝ 4 ፒክስል ያህል ይደበዝዛል፤ ሒሳቡ 960ን ለሪፍሬሽ ሬቱ ማካፈል ብቻ ነው። ኦኤልኢዲ የሚባለው ሌላ የስክሪን ዓይነት ፒክስሎቹ ከ1 ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ እየተለወጡ በ60 ፍሬም ግን የሚደበዝዘው በዚሁ ምክንያት ነው። በእኛ አዳራሽ ጥራቱን ያመጣልን የሪፍሬሽ ሬቱ 240 መሆኑ ነበር፤ ከኦቨርድራይቩ የሚጠበቀው ያገኘነውን ጥራት እንዳያበላሽ ብቻ ነው።

ይህን በአጭሩ ለማስረዳት ስጀምር አለቃችን አቋረጡኝ።

«ግማሽ ሚሊሰከንድ የሚልም ተጽፏል። እንዲያውም እሱን አብሪልኝ።»

ያኛው ፈጽሞ ሌላ መለኪያ ነው። የጀርባ መብራቱ በየፍሬሙ ለአፍታ ብቻ ብልጭ እያለ ሲሠራ ምስሉ ለዓይን የሚታይበትን ጊዜ ያመለክታል፤ በአግባቡ ከተሠራበትም ጥርት ያለ እንቅስቃሴ ይሰጣል፣ እኔም ለብቻዬ ስጫወት የምመርጠው እሱን ነው። ይሁን እንጂ ብርሃኑን ይቀንሳል፣ በአብዛኞቹ ሞኒተሮች ከተለዋዋጭ ሪፍሬሽ ሬት ጋር አብሮ አይበራም፣ የጨዋታው ፍሬም ከሪፍሬሽ ሬቱ ሲያንስ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ያሳያል፤ ብልጭታው ራሳቸውን የሚያማቸው ሰዎችም አሉ። ፍሬሙ ከ240 ወደ 140 እየተመላለሰ በሚወርድበት ጨዋታ ላይ፣ ውድድር ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው፣ ሁሉም ተጫዋች ሳይጠየቅ የሚበራ ነገር አይደለም። ይህንኑ ነገርኋቸው።

እሳቸውም «ለእኔ የሚታየኝ ጉድለት የለም» አሉና ስልካቸውን አውጥተው ገጸ ባሕሪው ሲሮጥ ስክሪኑን ፎቶ አነሡት። ፎቶውን አሳዩኝ። በርግጥ ጥርት ብሏል። ቆሞ የሚያነሣ ካሜራ የሚንቀሳቀስ ዓይን የሚያየውን አያይም፤ በዚያች ትንሽ ስክሪን ላይም ቀጭኑን ነጭ ጥላ መለየት አይቻልም። እንቅስቃሴን በትክክል የሚመሰክር ፎቶ የሚነሣው ካሜራው ራሱ ዓይን እንደሚያደርገው ከምስሉ ጋር እኩል ሲጓዝ ነው።

በክፍላችን ለዚህ የሚያገለግል ካሜራ የሚንሸራተትበት ሐዲድ ነበር። ይዤው መጣሁ። የሙከራ ምስሉን በሰከንድ 960 ፒክስል እንዲጓዝ አድርጌ፣ የካሜራውን ሹተር አራት ፍሬም እንዲይዝ በ1/60 ሰከንድ ላይ አስተካክዬ፣ አንድ ጊዜ በ«መደበኛ» አንድ ጊዜ በ«እጅግ ፈጣን» አነሣሁና ሁለቱን ፎቶዎች በኮምፒውተሩ ላይ ጎን ለጎን ከፈትኋቸው። በመጀመሪያው ላይ የምስሉ ጠርዝ በመጠኑ ለስለስ ብሎ ይታያል፣ ከዚያ በስተቀር ንጹሕ ነው። በሁለተኛው ላይ ከጠርዙ ኋላ ከዳራው ይልቅ የነጣ ሁለተኛ ጠርዝ አለ፤ ከእሱም ኋላ ፈዘዝ ያለ ሦስተኛ። ማብራሪያ የሚያሻው አልነበረም።

አለቃችን ጎንበስ ብለው ጥቂት ተመለከቱና «ይኼ እጅሽ ተንቀጥቅጦ ነው» አሉኝ።

እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ይህ ቃል ነው። ሰቲንጉን መቀየራቸው አያናድደኝም፤ የተገዛ ዕቃ ሙሉ ጉልበቱን ይስጥ ማለት የአለቃ ወግ ነው። ነገር ግን ሐዲዱ እንዲሠራ የተፈለገው ማንም ሰው «እጅሽ ተንቀጥቅጦ ነው» እንዳይል ነበር። በሙከራ ምስሉ ግርጌ በየፍሬሙ ቦታቸውን የሚለውጡ ትንንሽ መስመሮች አሉ። ካሜራው ከምስሉ ጋር እኩል ከተጓዘ መስመሮቹ አንዱ ከሌላው በላይ ቀጥ ብለው ይደረደራሉ፤ ካሜራው ከፈጠነ ወይም ከዘገየ ይዘማሉ፣ ከተንቀጠቀጠም ይሰባበራሉ። በሁለቱም ፎቶዎች ላይ መስመሮቹ ቀጥ ያሉ ነበሩ። ፎቶውን አጉልቼ በጣቴ እያመለከትሁ አሳየኋቸው። «እጄ ቢንቀጠቀጥ ኖሮ እነዚህ እንዲህ አይደረደሩም ነበር» አልኋቸው። መስመሮቹን አላዩም፤ ሰዓታቸውን አዩ። «በይ እንግዲህ፣ ሰው እየጠበቀ ነው፤ ባለበት ይቀጥል» ብለው ተነሡ። ያን ጊዜ ፊቴ እንደጋለ ይታወቀኛል፤ ሆኖም ድምፄን ከፍ አላደረግሁም፣ ፎቶዎቹንም አልዘጋሁም።

ልምምዱ ቀጠለ። ከቡድኖቹ የአንደኛው መሪ የሆነውና በአዳራሹ ሁሉ ዘንድ የሚከበረው ተጫዋች ወደ መቀመጫው መጣ፣ ጥቂት ተጫወተ፣ ማንንም ሳይጠይቅ እጁን ከሞኒተሩ ኋላ ሰዶ ሜኑውን ከፈተና ኦቨርድራይቩን ወደ «መደበኛ» አወረደው። ከዚያ ጨዋታውን ጀመረ፤ ጭስ በበዛበት ቦታ ሆን ብሎ ወዲያና ወዲህ ተመላለሰ። በኋላም ማዳመጫውን ከጆሮው ዝቅ አድርጎ «ይሄ ይሻላል፤ ሁሉም እንደዚህ ይሁን» አለ። አለቃችን ከአጠገቡ ቆመው ነበር። ወዲያው ወደ እኔ ዞረው «ሰማሽ? ሁሉንም እንደዚህ አድርጊው» አሉኝ። ሦስት ጠርዝ የሚታይበት ፎቶ ከእሳቸው ክንድ ራቅ በማይል ኮምፒውተር ላይ አሁንም ክፍት ነበር።

አደረግሁት። ከመስመሩ ጫፍ ጀምሬ አንድ በአንድ እያስተካከልሁ፣ ተጫዋቾቹ ዳግመኛ እንዳይጉላሉም የሜኑውን ቁልፍ በየሞኒተሩ ላይ እየዘጋሁ ሄድሁ። መጀመሪያ ቅሬታ ያቀረበው ልጅ ተራው ሲደርስ እስክጨርስ ጠብቆ ተጫወተና «አሁን የለም» አለኝ። ውድድሩ ያለ አንድ የስክሪን ቅሬታ ተካሄደ። በሪፖርቱ ላይ የተጻፈው ግን «የሞኒተሮቹ ሰቲንግ በተጫዋቾች ጥያቄ መሠረት ተሻሽሏል» የሚል ነበር። ከሪፖርቱ ጋር ተያይዞ የነበረው የማስረከቢያ ቅጽ፣ በእኔ እጅ የተጻፈው፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ «መደበኛ» ይል እንደነበር ለአንባቢው ሁሉ ግልጽ ነው፤ ካነበበው።

ከዚያ ወዲህ የትኛውንም ሞኒተር ያለ ፎቶ አላስረከብሁም። ሁለቱ የሐዲድ ፎቶዎች ከቅጹ ጋር ይያያዛሉ፤ ከሥራቸው ሪፍሬሽ ሬቱ፣ የኦቨርድራይቩ ደረጃና ሙከራው የተደረገበት የፍሬም ብዛት ይጻፋል፣ ግርጌ ያሉት መስመሮችም ሳይቆረጡ እንዲወጡ እጠነቀቃለሁ። ከእኔ ጋር የሚሠሩትም ይህን ተለማምደዋል፤ አንዷ እንዲያውም የ120 ፍሬሙንም ፎቶ መጨመር ጀምራለች፣ ልክ ናት፣ ጥላው የሚብሰው እዚያ ነውና። ቅጹን ተቀብለው ከሚፈርሙት ሰዎች ፎቶዎቹን ገልጦ ያየ እስካሁን አልገጠመኝም። ሲፈርሙ በጣቴ አመለክትላቸዋለሁ።