«ወይኔ» የምትለው ቃል ከየት ወጣች?

አጎቴ ስትሮክ ከመታቸው በኋላ ለወራት መናገር ተስኗቸው ነበር። ውሃ ሲጠማቸው ብርጭቆውን በጣታቸው እያመለከቱ፣ ከንፈራቸው እየተንቀጠቀጠ፣ «ውሃ» የምትለዋን የሁለት ፊደል ቃል ማውጣት ያቅታቸዋል። አንድ ቀን ያው ብርጭቆ ከእጃቸው አምልጦ ወለሉ ላይ ሲከሰከስ ግን፣ በጤናቸው ጊዜ በምናውቀው ጥርት ያለ ድምፅ «ወይኔ!» አሉ። ንግግራቸው የተመለሰ መስሎን በደስታ ተያየን፤ «እስቲ ይድገሙት» ብንላቸው ግን ቃሏ ጠፍታ ነበር። አንጎል የስሜት ቃላትን እንዴት እንደሚያስተናግድ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1861 ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ የመረመረው አንድ ሕመምተኛ፣ ለሚጠየቀው ሁሉ «ታን» ከማለት በቀር ሌላ መልስ አልነበረውም፤ በጣም ሲናደድ ግን አንዲት የተለመደች የፈረንሳይኛ መሐላ ከአፉ ትወጣ ነበር። ሲሞት አንጎሉ ቢታይ ጉዳቱ በግራው የግንባር ክፍል ላይ ተገኘ፤ ቦታውም እስከ ዛሬ በብሮካ ስም ይጠራል። እንግሊዛዊው የነርቭ ሐኪም ጆን ሂውሊንግስ ጃክሰንም ይህንኑ በሕመምተኞቹ ላይ አስተውሎ፣ አስበን የምናዋቅረውን ንግግር ሳናስበው ከሚያመልጠን ንግግር ለይቶ አስቀመጠ። ስድብ፣ መሐላና የሲቃ ቃል ከሁለተኛው ወገን ናቸው። የአጎቴም «ወይኔ» ከዚያ ወገን ነበረች።

በሰሚውና በአንባቢው በኩል ያለውም ነገር ከዚህ አያንስም። ራስ ላይ በሚለጠፉ ኤሌክትሮዶች የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ ስንለካ፣ እንደ «ግድያ» ወይም «ፍቅር» ያለ ቃል ከታየ ከ200 እስከ 300 ሚሊሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ፣ «ወንበር» ከሚለው ቃል የተለየ ምልክት ብዙ ጊዜ ይታያል። በዚህ ሥራ ውስጥ ስሙ ደጋግሞ የሚነሣው አሚግዳላ ነው፤ በግራና በቀኝ ጆሮ ግንድ አቅጣጫ በአንጎል ውስጥ ጠልቆ የሚገኝ፣ ቅርጹ የለውዝ ፍሬ የሚመስል ክፍል። ተመራማሪዎቹ አዳም አንደርሰንና ኤሊዛቤት ፌልፕስ እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት ጥናት፣ ቃላት በፍጥነት ተከታትለው ሲያልፉ ጤነኛ ሰው ብዙዎቹ ቢያመልጡትም ስሜትን የሚነካው ቃል ግን ያን ያህል እንደማያመልጠው አሳይተዋል። የግራ አሚግዳላቸው የተጎዳ ሰዎች ይህ ብልጫ አልነበራቸውም። እኔን በጣም የነካኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው፦ እነዚህ ሕመምተኞች ቃሉ አስከፊ መሆኑን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ትርጉሙ ደርሷቸዋል፤ የጎደላቸው «ቁም፣ ይህን ተመልከት» የሚለው የውስጥ ደወል ነው። ቃልን ማወቅና በቃል መነካት አንድ ነገር እንደሆኑ አድርጌ ለኖርኩት ለእኔ ይህ ቀላል ዜና አልነበረም።

አነጋገሮችም የራሳቸው ጉልበት አላቸው። ተመራማሪዎቹ ፍራንቼስካ ሲትሮንና አዴል ጎልድበርግ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ የጀርመንኛ ተናጋሪዎች «ጣፋጭ» በመሰለ የጣዕም ቃል የተነገረን ምሳሌያዊ ዓረፍተ ነገር ሲያነቡ፣ ያንኑ ሐሳብ በቀጥታ ከሚናገረው ዓረፍተ ነገር ይልቅ አሚግዳላቸው በርትቶ ይሠራ ነበር። «መራራ ንግግር» ስንል ከ«ክፉ ንግግር» ይልቅ ጠንከር ብሎ የሚሰማን በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ቋንቋው ራሱም ለውጥ ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ ጥናት፣ እንግሊዝኛን ዘግይተው የተማሩ የቱርክኛ ተናጋሪዎች ወላጅ ልጁን የሚቆጣባቸውን ቃላት በሁለቱም ቋንቋ ሲሰሙ፣ ስሜት ሲነካ የሚጨምረው የቆዳቸው የላብ ምላሽ ተለክቷል፤ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የሰሙት ቁጣ ምላሹን ከፍ አድርጎታል። «አታፍርም!» የሚለውን ቃል በልጅነቱ የሰማ ሰው፣ ይህ ለምን እንደሆነ ማንም እንዲያስረዳው አይፈልግም።

ከቃሉ ጋር አብሮ የሚጓዘው የድምፅ ዜማ ደግሞ በአብዛኛው የቀኝ አንጎል ሥራ ነው። የነርቭ ሐኪሞቹ ኤሊዮት ሮስና ማርሴል ሜሱላም እ.ኤ.አ. በ1979 ከገለጿቸው ሕመምተኞች አንዷ መምህርት ነበረች፤ የቀኝ አንጎሏ ከተጎዳ በኋላ ቃላቱ ሁሉ እያሉላት ድምፅዋ ግን ቁጣን ማሳየት ስላቃተው፣ ተማሪዎቿን ሥርዓት ማስያዝ ተሳናት። ይህን ባነበብኩ ጊዜ አጎቴ ትዝ አሉኝ። የእሳቸው ጉዳት በግራ በኩል ነው፤ ስለዚህ እንደ መምህርቷ ሳይሆን ቃሉ ጠፍቶ ዜማው ተርፏል።

ከጊዜ በኋላ «ወይኔ» ደጋግማ ትመጣ ጀመር፤ ሌላ ቃል ግን አልተከተላትም። ልጃቸው በር ከፍታ ስትገባ ከፍ ብላ ትጀምርና ትረዝማለች፤ እግራቸውን ሲያማቸው አጥራ ወደ ታች ትወድቃለች። ሁለት ጊዜ ተከታትላ፣ መጨረሻዋ ላይ እንደ ጥያቄ ከፍ ብላ የወጣች እንደሆነ ደግሞ፣ ብርጭቆውን አንሥቼ ውሃ እቀዳላቸዋለሁ።